ኪኒኑን ሊጀምሩ ነው፤ ከፊትዎ ምን አለ? ከሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ጋር ሦስት ወር ለመክረም

ከፋርማሲ 28 ኪኒን የያዘ ብልቃጥ ይዘው ወጥተዋል እንበል። ይህ ለአራት ሳምንት ነው። ሁለት ተመሳሳይ ብልቃጦች ይከተላሉ። በጠቅላላው 84 ቀን፣ በቀን አንዴ። ቤት ገብተው ማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት ሲዘረጉት ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት እያለ ይዘረዝራል። በዚያ ላይ አንድ ወዳጅዎ «ያ መድኃኒት እኮ ሰው አልጋ ላይ ይጥላል» ብሎዎታል። ኪኒኑን በእጅዎ ይዘው ቢያመነቱ አይፈረድብዎትም።

ቀስ ብለን አንድ በአንድ እንየው። ዋናውን ነገር ግን ከወዲሁ ልንገርዎት። የዛሬው የሄፓታይተስ ሲ ኪኒን የሚያስከትለው የጎንዮሽ ጉዳት በአብዛኛው ቀላልና አላፊ ነው። የጎንዮሽ ጉዳት የምንለው መድኃኒቱ ከማዳኑ ጋር አብሮ የሚያመጣውን ያልተፈለገ ሕመም ነው። ሰው ይበልጥ የሚጎዳው ኪኒኑን በመሃል ሲያቋርጥ፣ ወይም ሌላ የሚወስደውን መድኃኒት ለሐኪሙ ሳይናገር ሲቀር ነው።

«አልጋ ላይ ይጥላል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ?

ወሬው መሠረት አለው። የሚናገረው ግን ስለ ሌላ መድኃኒት ነው። ቀድሞ የሕክምናው መሠረት ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ነበር። በሳምንት አንዴ ይወጋል። ከእሱ ጋር ሪባቫይሪን የሚባል ኪኒን በየቀኑ ይዋጣል። ሕክምናው እንደ ቫይረሱ ዓይነት 24 ወይም 48 ሳምንት ይፈጅ ነበር።

መርፌው እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል፤ ያተኩሳል፤ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ፀጉር ያሳሳል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። አንዳንዱን ሰው ከባድ ድብርት ውስጥ ይከተው ነበር። ሪባቫይሪኑ ደግሞ የደም ማነስ ያመጣል። ይህን ሁሉ ችለው ከታከሙት መካከል፣ ዓይነት 1 የሚባለው ቫይረስ የነበረባቸው የሚድኑት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ላይ ሶፎስቡቪር የሚባል ኪኒን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ወይም ከቬልፓታስቪር ጋር ይሰጣል። ግሌካፕሬቪርና ፒብሬንታስቪር አንድ ላይ የሚሰጡበትም አለ። የሕክምናው ጊዜ በአብዛኛው 8 ወይም 12 ሳምንት ነው። ጉበታቸው ክፉኛ ለጠጠረባቸው አንዳንድ ሰዎች እስከ 24 ሳምንት ሊረዝም ይችላል። በሥርዓቱ ከታከሙት 100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ።

አዲሱ ኪኒን ለምን አያንገላታም?

ኢንተርፌሮን የሚሠራው የሰውነትን መከላከያ በማነሣሣት ነበር። ኃይለኛ ጉንፋን ሲይዘን የሚያንቀጠቅጠንና የሚያተኩሰን ይኸው መከላከያ ነው። ስለዚህ በመርፌው የሚታከም ሰው ወራቱን ሁሉ ጉንፋን እንደያዘው ይከርም ነበር።

አዲሶቹ ኪኒኖች ግን መከላከያውን አይነኩም፤ ቫይረሱን ራሱን ያጠቃሉ። ቫይረሱ ጉበት ውስጥ ገብቶ ራሱን ያባዛል። ለዚህም የራሱ መሣሪያዎች አሉት። መባዛቱን እንደ ግንብ ግንባታ ቢያስቡት፣ ሶፎስቡቪር ትክክለኛ ጡብ መስሎ ወደ ግንባታው ይገባና ግንቡን መሃል ላይ ያስቆመዋል። ዳክላታስቪርና ቬልፓታስቪር ደግሞ ቫይረሱ ለመባዛት የሚያስፈልገውን ሌላ መሣሪያ ይይዙበታል። እነዚህ መሣሪያዎች የቫይረሱ እንጂ የሰውነታችን አይደሉም። መድኃኒቱ ለእኛ የቀለለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚሰማኝ ሁሉ ከመድኃኒቱ ነው?

አይደለም። ይህን በደንብ የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ለ624 ታማሚዎች ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር በአንድ የያዘ ኪኒን ተሰጣቸው። ለ116ቱ ደግሞ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ፣ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። ማንም የትኛውን እንደሚውጥ አያውቅም ነበር።

መድኃኒቱን ከወሰዱት 29 በመቶው ራስ ምታት ተሰማቸው። ባዶውን ከዋጡት ደግሞ 28 በመቶው። ድካም በሁለቱም ወገን 20 በመቶ ነበር። ልዩነቱ የታየው መዳኑ ላይ ነው። ከ624ቱ 618ቱ ዳኑ። ባዶውን ከዋጡት አንድም ሰው አልዳነም።

ይህ ማለት ሕመምዎ በሐሳብ የመጣ ነው ማለት አይደለም። ራስ ምታቱም ድካሙም እውነተኛ ናቸው። ግን ከበሽታው፣ ከጭንቀት፣ ከእንቅልፍ ማጣት ወይም ከሌላ መድኃኒት ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ነገር በተሰማዎት ቁጥር ኪኒኑን ጥፋተኛ አድርገው አያቋርጡ። መጀመሪያ ይጠይቁ።

ለሐኪሜ የግድ መንገር ያለብኝ ምንድን ነው?

ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አድርገው ይዘው ይሂዱ። ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ይህ ነው። ስሙን ባያስታውሱ እንኳ ፋርማሲስቱ አይቶ ያውቀዋል።

በተለይ እነዚህን አይርሱ። አሚዮዳሮን የሚባል የልብ ምት መድኃኒት ከሶፎስቡቪር ጋር ሲወሰድ የልብ ምትን አደገኛ እስኪሆን ድረስ ሊያዘገየው ይችላል። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት የሄፓታይተስ ኪኒኑን አቅም ያሳጣዋል። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የሚባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም እንዲሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጠኑን ማስተካከል ወይም መድኃኒቱን መለወጥ ሊያስፈልግ ይችላል። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንም ይናገሩ፤ አንዳንዱ ከግሌካፕሬቪርና ፒብሬንታስቪር ጋር አይስማማም።

የስኳር ሕመም ካለብዎት ሌላ ነገር ይጠብቁ። ቫይረሱ እየጠፋ ሲሄድ የደም ስኳርዎ ሊወርድ ይችላል። ይህ መልካም ዜና ነው። ግን በድሮው መጠን ኢንሱሊን ሲወጉ ስኳርዎ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥና ላብ ከተሰማዎት ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ፤ ስኳርዎን ይለኩ፤ ለሐኪምዎም ይደውሉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ተደርጎልዎታል? ካልተደረገ ይጠይቁ። ሁለቱ የተለያዩ ቫይረሶች ናቸው፤ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ሲ ሲጠፋ ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነቃና ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በመድኃኒቶቹ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። ምርመራው አስቀድሞ ከተደረገ ጉዳቱን መከላከል ይቻላል።

የወፍ በሽታ መድኃኒት ብወስድስ?

ዓይን ቢጫ ሲሆን በተለምዶ የወፍ በሽታ እንለዋለን። ለዚህ ተብሎ የሚጠጣ ቅጠልና ሥርም በየአካባቢው አለ። በሕክምናው ወቅት ግን ይተዉት። አንዳንድ ተክል ጉበትን ይጎዳል፤ አንዳንዱ ከኪኒኑ ጋር ይጋጫል። ጉበትዎ ቢታመም ደግሞ ሐኪሙ ጉዳቱ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ይቸግረዋል። ከዚህ በፊት ወስደው ከሆነ ሳያፍሩ ይንገሩት።

ጠበል የሚጠመቁ ሰዎችም ይጠይቃሉ። ጠበልና ኪኒን አንዱ ሌላውን አያስተውም። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ መክረው ነበር። ምክሩ ለዚህም ይሠራል። ጠበል ጠጥተው የሚያስመልስዎት ከሆነ ግን ኪኒኑን ከዚያ ራቅ ባለ ሰዓት ይዋጡት፤ አብሮ እንዳይወጣ።

ራስ ምታት ሲይዘኝ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ውኃ ይጠጡ። ብዙ ራስ ምታት ከውኃ ጥም ይመጣል። ቡና የለመዱ ሰው ከሆኑና በድንገት ካቆሙትም ራስዎን ያምዎታል። ይህ የኪኒኑ ጥፋት አይደለም።

ካልተወዎት ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ባለ 500 ሚሊግራሙን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ኪኒን ሳያልፉ። ለተጎዳ ጉበት ይህ ልክ አይዘለልም። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ይገኛልና ደርበው እንዳይወስዱ ይጠንቀቁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ጉበቱ የጠጠረ ሰው ላይ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ጨጓራም ያደማሉ።

ድካሙስ?

ብርታት የሚሰማዎትን ሰዓት ይወቁት። ብዙ ሰው ጠዋት ይሻለዋል። ከባዱን ሥራ ያኔ ይሥሩት። ከሰዓት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጋደም ይበሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የሌሊቱን እንቅልፍ ይሻማል። በየቀኑ ትንሽ መራመድ ድካምን ይቀንሳል። ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ ሲሞክሩት ግን ይሠራል።

ድካሙ ከብዶ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል።

ቢያቅለሸልሸኝ ወይም ቢያስቀምጠኝስ?

ኪኒኑን ከምግብ በኋላ ይዋጡት። ግሌካፕሬቪርና ፒብሬንታስቪር ከሆነ ደግሞ ከምግብ ጋር መውሰድ ግዴታ ነው፤ ያለ ምግብ በደንብ ወደ ደም አይገባም። አንዴ ብዙ ከመብላት ትንሽ ትንሽ ደጋግመው ይብሉ። ቅባት የበዛበትንና በርበሬ የበረታበትን ወጥ ለጊዜው ያቅልሉት። የዝንጅብል ሻይ ብዙ ሰው ይረዳል። ቢያስቀምጥዎት ውኃና ኦአርኤስ ይጠጡ፤ ኦአርኤስ በተቅማጥ የወጣውን ጨውና ውኃ የሚተካ ዱቄት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ስሕተት ይሠራል። ሆዱን ሲያመው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ኦሜፕራዞል ወይም የሚታኘክ የጨጓራ ኪኒን ገዝቶ ይወስዳል። ቬልፓታስቪርና ሌዲፓስቪር የሚባሉት መድኃኒቶች ወደ ደም ለመግባት የጨጓራ አሲድ ያስፈልጋቸዋል። አሲዱ ሲቀንስ መድኃኒቱ በደንብ ሳይገባ ይቀራል። እርስዎ በየቀኑ ውጠው ቫይረሱ ግን ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ። የሚታኘከው ዓይነት ከሆነ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። ኦሜፕራዞል ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰድም።

እንቅልፍ ባጣስ?

ኪኒኑን ማታ የሚወስዱ ከሆነ ወደ ጠዋት ያምጡት። ሰዓቱን ለመቀየር የተሻለውን መንገድ ፋርማሲስቱ ይነግርዎታል። ቡናውን አቦል እስከ በረካ ይጠጡት፤ ግን ጠዋት ይሁን። ቡና ጉበትን አይጎዳም። ማታ ሲጠጡት ግን እንቅልፍ ይነሣል።

ጫት ግን ይተዉ። እንቅልፍም የምግብ ፍላጎትም ይወስዳል፤ ከጉበት ጉዳት ጋርም ተያይዞ ተገኝቷል። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄና ቢራም እንዲሁ። መጠጥ ኪኒኑን ከመሥራት ባያግደውም ጉበትን ያቆስላል። ቫይረሱን በአንድ በር እያስወጡ ሌላ ጉዳት በሌላ በር አያስገቡ።

ቆዳ ቢያሳክክ?

ለብ ባለ ውኃ ይታጠቡ፤ ሽታው የበረታ ሳሙና ይተዉ፤ ቆዳዎ ሳይደርቅ ቅባት ይቀቡ። ሽፍታው ከሰፋ፣ አፍዎ ውስጥ ከቆሰለ ወይም ፊትዎ ካበጠ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ሪባቫይሪን ከተጨመረልኝስ?

ዛሬ ሪባቫይሪን የሚጨመረው ለጥቂት ሰዎች ነው፤ ለምሳሌ ጉበታቸው በጣም ለተጎዳ ወይም ቀደም ሲል ታክመው ላልዳኑ። ከኪኒኖቹ መካከል ብርቱው ይህ ነው። የደም ማነስ፣ ሳል፣ ማሳከክና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። ስለዚህ የደም ቆጠራ ምርመራ በየጊዜው ይደረጋል። ደምዎ ከወረደ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል። ራስዎ ግን አይቀንሱ።

አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ሪባቫይሪን ጽንስን ይጎዳል። ሚስትም ሆነች ባል መድኃኒቱን ቢወስዱ፣ በሕክምናው ጊዜና ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር እርግዝና እንዳይፈጠር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለሴቷ ጊዜው ከዚህም ሊረዝም ይችላልና ሐኪሟን ትጠይቅ። ሪባቫይሪን ባይኖርም እንኳ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ ከመጀመርዎ በፊት ይናገሩ።

ጾም ላይ ብሆንስ?

ኪኒኑ በቀን አንዴ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቅበላና ፋሲካ ሳያሳስብዎት መርሐ ግብሩን ከጾሙ ጋር ማስማማት ይቻላል። በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ ከሰዓት በኋላ ጾሙን ሲፈቱ ከምግብ ጋር ይዋጡት። በረመዳን ደግሞ በአፍጥር ሰዓት። ዋናው ነገር በየቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። ጾሙ ሲገባና ሲወጣ ሰዓቱ የሚቀየር ከሆነ አስቀድመው ፋርማሲስቱን ያማክሩ። በጣም ከደከሙ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሸኽዎ ጋር ይነጋገሩ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው የሚያዝኑበት ሥርዓት አላቸው።

ብረሳውስ? ቢያስመልሰኝስ?

ሶፎስቡቪር ያለበትን ኪኒን ረስተው ከተለመደው ሰዓት 18 ሰዓት ሳያልፍ ካስታወሱ ወዲያው ይዋጡት። ካለፈ ይዝለሉትና የነገውን በሰዓቱ ይውሰዱ። ሁለት ኪኒን አንድ ላይ ፈጽሞ አይዋጡ። ከዋጡ በኋላ ብዙ ሰዓት ሳያልፍ ካስመለሰዎት ሌላ መድገም ሊያስፈልግ ስለሚችል ይደውሉና ይጠይቁ።

እንዳይረሱ ኪኒኑን በየቀኑ ከሚያደርጉት ነገር ጋር ያያይዙት፤ ከቁርስ ጋር ወይም ከማታው ዜና ጋር። ስልክዎ ላይ ማንቂያ ይሙሉ። የያዙት ብልቃጥ ከማለቁ ከአንድ ሳምንት በፊት ደግሞ ቀጣዩን ከፋርማሲ ይውሰዱ።

ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬደኝ ምንድን ነው?

እነዚህን ለነገ አይበሏቸው፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት እንደ ሻይ ሲጠቁር፣ ሆድ ወይም እግር ሲያብጥ፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ቅጥራን የጠቆረ ሰገራ፣ ራስ መሳት፣ ግራ መጋባት ወይም መቃዠት፣ ትንፋሽ ማጠር። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣም እንዲሁ፤ ለቅርብ ሰው ይንገሩ፤ ብቻዎን አይቆዩ።

ስንት ያስወጣኛል?

ሶፎስቡቪር አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የ12 ሳምንቱ ዋጋ 84,000 ዶላር ነበር። አንዷ ኪኒን 1,000 ዶላር ማለት ነው። አምራቹ ኩባንያ በኋላ የሕንድ ፋብሪካዎች መድኃኒቱን በርካሽ እየሠሩ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች እንዲሸጡ ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት የሶፎስቡቪርና የዳክላታስቪር የ12 ሳምንት ሕክምና በ60 ዶላር ሊገኝ እንደሚችል ገልጿል። ብዙ አገሮች ግን አሁንም ከዚያ በላይ ይከፍላሉ።

ወጪው በኪኒኑ ብቻ አያበቃም። የቫይረስ መጠን ምርመራ አለ፤ ይህ ደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ የሚለካ ነው። የጉበት ምርመራና አልትራሳውንድም አሉ። ከሩቅ ለሚመጣ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ ይጨመራል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ሦስቱም ወር መድኃኒቱ አይቋረጥም ወይ? የማኅበረሰብ ጤና መድን ወይም የመሥሪያ ቤትዎ መድን የትኛውን ይሸፍናል? መጨረሻ ላይ ያለው ምርመራ ስንት ነው? ገንዘቡ በመሃል እንዳያልቅ አስቀድሞ ማሰብ ይሻላል። የተቋረጠ ሕክምና ገንዘቡንም ጤናውንም ያስከፍላል።

ለቤተሰቤ አስተላልፍ ይሆን?

ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም ነው። በአንድ ገበታ እንጀራ መቁረስ፣ በአንድ ሲኒ ቡና መጠጣት፣ መተቃቀፍ አያስተላልፈውም። ስለዚህ ሳሕንዎን አይለዩ፤ ማንም እንዲለይብዎትም አይፍቀዱ። ምላጭ፣ መርፌ፣ ጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ግን የግልዎ ይሁኑ። ንጹሕ ባልሆነ ስለት የሚደረጉ ግርዛት፣ እንጥል መቁረጥና ንቅሳት ቫይረሱ የሚተላለፍባቸው መንገዶች ስለሆኑ ለቤተሰብዎ ያስረዱ።

መዳኔን እንዴት አውቃለሁ?

የመጨረሻዋን ኪኒን በዋጡበት ቀን አይታወቅም። ከዚያ ቀን 12 ሳምንት ቆይተው የቫይረስ መጠን ምርመራ ያደርጋሉ። ቫይረስ ካልተገኘ ድነዋል። ብዙ ሰው ደህና ስለሆነ ብቻ ይህን ምርመራ ይተወዋል። እርስዎ አይተዉት።

አንድ ነገር ግን እንዳያስደነግጥዎት። ለማጣሪያ የሚደረገው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ከዳኑ በኋላም «ፖዘቲቭ» ይላል። ፀረ እንግዳ አካል ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራው ነገር ነው፤ ቫይረሱ ከጠፋም በኋላ ይቀራል። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው በሚደረግለት የጤና ምርመራ ይህ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ቫይረስ እንደሌለ የሚያሳየውን የምርመራ ወረቀት በደንብ ያስቀምጡ።

መዳን ዳግመኛ ከመያዝ አይከላከልም፤ ጥንቃቄው ይቀጥላል። ሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበት በጠባሳ መጠጠር፣ ደርሶብዎት ከነበረ ደግሞ ከዳኑም በኋላ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይታዩ። የጉበት ካንሰር ቢጀምር ቶሎ ይገኛል።

አሁን ወደዚያች ብልቃጥ እንመለስ። የቀን መቁጠሪያዎን ያውርዱና ሦስት ቀኖች ላይ ምልክት ያድርጉ። አንደኛው ዛሬ ነው። ሁለተኛው የመጨረሻዋን ኪኒን የሚውጡበት ቀን። ሦስተኛው ከዚያ 12 ሳምንት በኋላ ለምርመራ የሚሄዱበት። ከቀን መቁጠሪያው ግርጌ የሐኪምዎን ወይም የፋርማሲስቱን ስልክ ይጻፉ። በመሃል የሚሰማዎትን ሁሉ በዚያ ስልክ ደውለው ይንገሩ። ከዚያ ምግብዎን ይብሉና የመጀመሪያዋን ኪኒን በውኃ ይዋጧት።